ልብ የሚመታው ከፍርሃት በፊት ነውን?

ሰው በጨለማ መንገድ ሲሄድ ጅብ ቢገጥመው አስቀድሞ ይፈራል፤ ስለ ፈራም ልቡ ይመታል፤ ጕልበቱም ይብረከረካል ተብሎ ይታመናል። አሜሪካዊው ሊቅ ዊልያም ጄምስ ግን በ1884 (ዘመናቱ ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ተራ ገለበጠው። በእርሱ አሳብ አደጋውን ማየት ወዲያው ሰውነትን ያናውጣል፤ ፍርሃት የሚባለውም የዚያ መናወጥ ስሜት ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ዴንማርካዊው ሐኪም ካርል ላንገም በማግሥቱ ዓመት ለብቻው መርምሮ ወደዚሁ የቀረበ ትምህርት ስላወጣ፥ ነገሩ እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል።

አማርኛ ለሚናገር ሰው ይህ ትምህርት ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም፤ ያዘነው ሰው ሆዱ ባባ፥ የራራውም አንጀቱ ተላወሰ ይባላልና።

ጄምስ ባስተማረበት በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዋልተር ካነን ግን በ1927 ብርቱ ተቃውሞ አቀረበ። ልብ በቍጣም በፍርሃትም በትኵሳትም አንድ ዓይነት ስለሚመታ፥ ይህን ከዚያ ሊለየው አይችልም አለ። ደግሞም የሆድ ዕቃን የሚያናውጡት ነርቮች የተወገዱላቸው ድመቶች ውሻ ሲጮኽባቸው ጠጕራቸው አልቆመም እንጂ፥ ጥርሳቸውን እያሳዩ እንደ ቀድሞው ተቈጥተዋል። የድመት ቍጣ ግን ከውጭ የሚታይ ብቻ ነው፤ በውስጧ ምን እንደ ተሰማት ጠይቆ መረዳት አይቻልም።

ስለዚህ ክርክሩ ወደ ሰው ዞረ። አከርካሪው የተጐዳ ሰው፥ ከጕዳቱ በታች ያለው ሰውነቱ ለአንጎሉ የሚልከው ወሬ ይቋረጥበታል። የጄምስ ትምህርት እውነት ከሆነ እንዲህ ያለው ሰው ኀዘኑም ፍቅሩም ጐድሎበታል ማለት ነው፤ ይህም በሕያው ሰው ላይ የሚነገር ከባድ ፍርድ ነው። ራሱም በዚሁ ጕዳት ሽባ የሆነው አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጆርጅ ሆማን 25 ሰዎችን ጠይቆ የሰማውን በ1966 አሳተመ። ብዙዎቹ ቍጣቸውና ፍርሃታቸው እንደ ቀነሰ ነገሩት፤ ጕዳቱ ወደ አንገት በቀረበ መጠንም ቅናሹ በረታ። ነገር ግን እነዚሁ ሰዎች በስንብት ጊዜ ከቀድሞው ይልቅ እንባቸው ቶሎ ይመጣ፥ ጕሮሯቸውንም ሲቃ ይይዛቸው ነበር። በ1988 የታተመ ሌላ ምርመራ ደግሞ እንዲህ የተጐዱ ሰዎች ብርቱ ስሜት እንዳላቸው አገኘ።

በዚህ ካነን የረታ ይመስላል። ቢሆንም የፊትና የጕሮሮ ወሬ በአከርካሪ አያልፍምና አልተቋረጠም፤ ከአንጎል ወጥቶ በአንገት በኩል ወደ ልብና ወደ ሆድ የሚወርደው ታላቁ ነርቭም ከአከርካሪው ውጭ ስለሚሄድ፥ አከርካሪው ሲሰበር እርሱ ሳይነካ ይቀራል።