የ2013 ኮከብ ማነው?

ባለፈው ክረምት አብነት ባቡር ፌርማታ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተጠልዬ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ አጠገቤ አንድ ወጣትና አንድ ጎልማሳ በኳስ ተያይዘዋል።

«የ2013 ኮከብ አቡበከር ናስር ነው። ክርክርም የለው።»

«ኧረ ተው! ሮናልዶ ነው እንጂ። ለዚያውም ሪቤሪን ቀምቶ።»

«ጋሼ፣ ሮናልዶ ምን ቤት ነው? 29 ጎል እኮ ነው ያገባው!»

«ማን? ሮናልዶ? 69 ነው ያገባው፤ አንተ ያኔ ልጅ ነበርክ።»

በሻይ ተወራረዱና ደብተር ዘርግቼ ስላዩኝ ዳኛ አደረጉኝ። «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አልኳቸው። ወጣቱ የሚያወራው ስለ 2013 ዓ.ም. ነው፤ ጎልማሳው ደግሞ ስለ 2013 እ.ኤ.አ.። መሀላቸው ሰባት ዓመት ከምናምን አለ። እንዲህ ዓይነት ፍርድ ማንንም ደስ አያሰኝም፤ ሁለቱም ተቆጡኝና የሻዩን ሒሳብ እኔ ከፈልኩ።

የዓመቱን ምርጥ ተጫዋቾች በደረጃ መደርደር ብዙ ሰው እንደ ቀልድ የሚያየው ነገር ነው። እኔ ከጉርምስናዬ ጀምሮ በየዓመቱ ነሐሴ ሲጋመስ አሥር ስም በደብተር እጽፋለሁ፤ እሰርዛለሁ፤ እንደገና እጽፋለሁ። ቤተሰቦቼ ሥራ ፈትነት ይሉታል። ለእኔ ግን ከሙያም ሙያ ነው። የአሠራሩ ነገር ቀላል ነው፤ መራጮች ስም በቅደም ተከተል ይሰጣሉ፣ ለየደረጃው ነጥብ ይታሰባል፣ ብዙ ነጥብ የሰበሰበ ያሸንፋል። የፈረንሳዩ «ፍራንስ ፉትቦል» መጽሔት ባሎን ዶርን በ1956 እ.ኤ.አ. ለስታንሊ ማቲውስ ከሰጠበት ጊዜ ጀምሮ በመሠረቱ ከዚህ ብዙም የራቀ ነገር የለም።

ሰው ሁሉ የሚጨቃጨቀው «ምርጥ» በምትለው ቃል ላይ ነው። ምርጥ ማለት ጎል ያገባ ነው? ዋንጫ ያነሣ ነው? ወይስ ለዓይን ያማረ? «የዓመቱ» የምትለውን ቃል ግን ማንም ልብ አይላትም። የጭቅጭቁ ግማሽ የሚፈላው እዚያች ቃል ውስጥ ነው። ዓመቱ መቼ ጀምሮ መቼ ያልቃል?

የጎልማሳውን 2013 እንውሰድ። ፍራንክ ሪቤሪ ከባየርን ሙኒክ ጋር የጀርመንን ሊግ፣ የጀርመንን ዋንጫና ሻምፒዮንስ ሊጉን በአንድ የውድድር ዘመን ጠራርጎ ወሰደ። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ነሐሴ ላይ ምርጫውን ሲያካሂድ የአውሮፓ ምርጥ ብሎ ሸለመው። ያ ሽልማት ይለካ የነበረው በውድድር ዘመን ነው። ያኔ ከፊፋ ጋር በጋራ ይሰጥ የነበረው ባሎን ዶር ግን ከጥር እስከ ታኅሣሥ ባለው የፈረንጆች ዓመት ነበር የሚታሰበው። ስለዚህ የሪቤሪ ዓመት ገና አላለቀም ነበር። ክረምቱ አልፎ መኸር መጣ፤ ሮናልዶ ማግባቱን አላቆመም።

ከዚያ ነገሩ የተበላሸበት ወር መጣ። ድምፅ መስጫው ኅዳር 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ሊዘጋ ነበር። ያን ሳምንት አብነት ውስጥ ስለ ባሎን ዶር የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ ኅዳር 7 ካላባር ላይ ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸንፋን የብራዚሉ ዓለም ዋንጫ ሕልማችን አበቃ። ሰፈሩ ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። እኛ አንገታችንን ደፍተን ሳለን ፊፋ በቂ ድምፅ አልደረሰኝም ብሎ ቀኑን ወደ ኅዳር 20 ገፋው፤ ቀድሞ የመረጠም ድምፁን መቀየር እንዲችል ፈቀደ። በመካከሉ፣ ኅዳር 10፣ ሮናልዶ ስዊድን ሜዳ ላይ ሐትሪክ ሠርቶ ፖርቱጋልን ወደ ዓለም ዋንጫ ወሰዳት። ውጤቱ ሲነገር ሮናልዶ 27.99 በመቶ፣ ሜሲ 24.72 በመቶ፣ ሪቤሪ 23.66 በመቶ ሆነ። ሦስቱን ዋንጫ ያነሣው ሰውዬ ሦስተኛ ወጣ።

እኛ ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን አድርገን አርፈን ተቀምጠናል። ፊፋ በዚያ ዓመት የ14 ቀን ጳጉሜ ጨመረ።

እዚህ ላይ የምወደው ነገር ይመጣል፤ ታገሡኝ። ያንኑ ታሪክ በእኛ ዓመት ቁጠሩት። ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ያለው የእኛ ዓመት ከአውሮፓ የውድድር ዘመን ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም። የሪቤሪ ሦስት ዋንጫዎች በሙሉ በ2005 ዓ.ም. ውስጥ ገብተዋል። የሮናልዶ የስዊድን ሐትሪክ በ2006 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ2006፣ ግንቦት ላይ፣ ሪያል ማድሪድ አሥረኛውን የአውሮፓ ዋንጫ ሲያነሣ ሮናልዶ በአንድ ሻምፒዮንስ ሊግ 17 ጎል አግብቶ ጨርሷል። ስለዚህ ፍርዱ አጭር ነው፤ የ2005 ኮከብ ሪቤሪ፣ የ2006 ኮከብ ሮናልዶ። ማንም አልተቀማም፤ ማንም አላለቀሰም። ዙሪክ ድረስ ተሂዶ ያልተፈታው ነገር ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የእኛ ቀን መቁጠሪያ ይፈታ ነበር።

የሜሲም 91 ጎል እንዲሁ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ያገባቸው ናቸው፤ በእኛ ሲቆጠሩ ለ2004 እና ለ2005 ይከፋፈላሉ። ቁጥሩ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን የአንዱን የውድድር ዘመን ማብቂያ ከሌላው መጀመሪያ ጋር የሰፋ ቁጥር ነው። እንዲህ ስል የሜሲ ወዳጆች እንደሚነሡብኝ አውቃለሁ፤ ይነሡ።

መጋቢት 2014 ዓ.ም. ላይ «ፍራንስ ፉትቦል» ባሎን ዶርን ከፈረንጆች ዓመት ወደ ውድድር ዘመን እንዳዞረው ሲነገር ሻይ ቤቷ ውስጥ ብቻዬን ያጨበጨብኩት ለዚህ ነው። 66 ዓመት ፈጅቶባቸው መጡ። በአዲሱ አቆጣጠር መጀመሪያ ያሸነፈው ካሪም ቤንዜማ በእኛም ቢሆን ያለ ምንም ማስተካከያ የ2014 ኮከብ ነው። እርግጥ ፍጹም አይገጥምም። የአውሮፓ ሊጎች ነሐሴ ላይ ስለሚጀምሩ የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች በአሮጌው ዓመት ይቀራሉ። በፀደይ ጀምረው በኅዳር የሚጨርሱት ስዊድንና ኖርዌይ ደግሞ የፈረንጁ ዓመት ይሻላቸዋል። ቢሆንም ሦስት አራት ሳምንት ማቻቻል ይቻላል።

ይህንን ሁሉ የተማርኩት ተዋርጄ ነው። በ2005 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ መጽሔት ዝርዝሬን እንዳወጣ ፈቀደልኝ። ርእሱ «የ2005 ኮከብ ሪቤሪ» የሚል ነበር፤ ከቁጥሩ ጎን የጻፍኳትን «ዓ.ም.» አንድ ሰው ቦታ ትበላለች ብሎ ቆረጣት። ከዚያ በኋላ የሰፈር ልጅ ሁሉ ባየኝ ቁጥር «ጋሼ፣ የ2005 ኮከብ ሮናልዲንሆ መሆኑን አላየህም እንዴ?» ይለኝ ጀመር። በፈረንጆች 2005 ባሎን ዶርን የወሰደው በእርግጥም ሮናልዲንሆ ነው። ምን ልበል? ሁለት ፊደልና ሁለት ነጥብ ናቸው ያዋረዱኝ።

ወደ ወጣቱ 2013 ልመለስ፤ ምክንያቱም ከሁለቱ የሚጣፍጠው እሱ ነው። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ13 ክለቦች መካከል ተካሄደ። የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት አልነበሩም። ጨዋታው ከከተማ ከተማ እየዞረ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ ተደረገ፤ ሊጉም ለመጀመሪያ ጊዜ በዲኤስቲቪ ታየ። አንድ ክለብ ከ24 ጨዋታ በላይ አልነበረውም። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አገባ፤ የሊጉ ክብረ ወሰን ነው። ዋንጫውን ግን ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጎንደር ወሰደው፤ ቡናማዎቹ ሁለተኛ ሆኑ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልገሥጽ። «ኮከብ ግብ አግቢ» እና «ኮከብ ተጫዋች» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ቆጠራ ነው፤ መደመር የሚችል ልጅ ይሠራዋል። ሁለተኛው ፍርድ ነው። ጎል ቆጥሮ ዝርዝር የሚያወጣ ሰው ዳኛ አይባልም፣ ገንዘብ ያዥ ነው። ለዚህም ነው ከተመሠረተበት ጀምሮ ባሎን ዶርን የወሰደ ግብ ጠባቂ አንድ ብቻ፣ በ1963 እ.ኤ.አ. ያሸነፈው ሌቭ ያሺን፣ የሆነው። ተከላካይም ከ2006 እ.ኤ.አ. የፋቢዮ ካናቫሮ ድል ወዲህ አልታየም። በረኛና ተከላካይ የሚቆጠርላቸው ስሕተታቸው ብቻ ነው።

ቢሆንም የ2013 ዓ.ም. አንደኛዬ አቡበከር ነው። ወደዚያ የገባሁት ግን በቆጠራ አይደለም። ተከላካዩን ጀርባው ላይ ተሸክሞ ይዞርና ኳሷን የሚመታባት ቅጽበት ሁሌም በረኛው ከሚጠብቀው ቀደም ትላለች። ሁለተኛ የፋሲሉን አማካይ ሱራፌል ዳኛቸውን፣ ሦስተኛ የዚያው ቡድን ተከላካይ ያሬድ ባየህን አስቀምጬአለሁ። ያሬድን ሦስተኛ በማድረጌ አንድ የፋሲል ደጋፊ ጎረቤቴ ሰላምታ ነስቶኝ ከርሟል፤ አንደኛ መሆን ነበረበት ባይ ነው። የሰውዬውን ቁጣ አከብራለሁ፤ ለተከላካይ የሚቆጣ ሰው ብርቅ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከዚያ ዓመት በፊት እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች የምናወጣው ዝርዝር ያየናቸው ተጫዋቾች ዝርዝር ነበር። ከአብነት ወደ አዲስ አበባ ስታዲየም ሄጄ ያየሁትን አውቃለሁ፤ አርባ ምንጭ ወይም ዲላ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሠራ አማካይ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ነው የሚታየኝ። በራዲዮ ሰምቼ ደረጃ ሰጥቼ አውቃለሁ፤ አፍራለሁ። ቴሌቪዥኑ ሲመጣ ቢያንስ ሰበብ አጣን።

የአፍሪካ የወርቅ ኳስ የተጀመረው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው፤ መጀመሪያ የወሰደው የማሊው ሳሊፍ ኬይታ። ከዚያ በፊት የነበሩትን ማንም አልደረደራቸውም። እኔ የ1954ን በራሴ ደርድሬአለሁ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ከጥምቀት ሁለት ቀን በኋላ፣ እዚሁ ስታዲየማችን ውስጥ ከግብፆች ጋር የነበረውን የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ አስቡት። ሁለት ጊዜ ተመርተናል። ተክሌ ኪዳኔ አንዱን አቻ አደረገ፤ ግብፆች ወዲያው መለሱ፤ 84ኛው ደቂቃ ላይ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ እንደገና አስተካከለ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ፣ ከዚያ መንግሥቱ ወርቁ፤ 4 ለ 2። መንግሥቱ በአፍሪካ ዋንጫዎች በድምሩ 10 ጎል ያለው ሰው ነው፤ ሁሉም እሱን ያስቀድማል። እኔ ግን የ1954 አንደኛዬ ሉቻኖ ነው። ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው እሱ ባያስተካክል ተጨማሪው ሰዓት አይኖርም ነበር።

አንድ ቅሬታ ቀርቶኛል። «ፍራንስ ፉትቦል» ዓመቱን ወደ እኛ ባስጠጋበት በዚያው ውሳኔ የወንዶች ባሎን ዶርን የሚመርጡት በፊፋ ደረጃ እስከ 100ኛ ያሉ አገሮች ጋዜጠኞች ብቻ እንዲሆኑ አደረገ። ኢትዮጵያ ከ100 ውጭ ናት። በፊፋው «ዘ ቤስት» ምርጫ ግን የብሔራዊ ቡድናችን አሠልጣኝና አምበል፣ አንድ ጋዜጠኛም፣ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ደጋፊም በኢንተርኔት ይመርጣል። እያንዳንዱ ወገን የውጤቱን ሩብ ይይዛል።

እንግዲህ ነሐሴ ሲጋመስ ዝርዝራችሁን ስታወጡ አደራ የምላችሁ አንዲት ነገር ናት፤ ከቁጥሩ ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ጻፉ። ማንም ቦታ ትበላለች ቢላችሁ እንዳትሰሙት።