ከሌላ ዓለም የመጡ እንግዶች በጉና ሰማይ ያልፋሉን?

በጽንፈ ዓለሙ ውስጥ ከእኛ ሌላ አስተዋይ ፍጡራን አሉን? ካሉስ ምድራችንን ይጎበኛሉን? የሚጎበኙ ከሆነስ ስለ ምን ራሳቸውን ይሰውራሉ? በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር የሌሊቱ ሰማይ ከከተማ መብራት የራቀ ነው። ስለዚህ ገበያ ለመድረስ ጎህ ሳይቀድ መንገድ የጀመረ ሰው አንድ ቀን እንግዳ ብርሃን ማየቱ አይቀርም። ለእረፍት ወደ ቤተሰቡ የተመለሰ የሳይንስ ተማሪም «ያየነው ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። በተመልካቹ ላይ ማፌዝ መልስ አይሆንም፤ ያልተረጋገጠውን እንደ እውነት መንገርም እንዲሁ።

አካባቢው ለሰማይ ጥናት ባይተዋር አይደለም። የጋይንቱ ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አምባም በዝማሬና በመዋሥዕት ማስመስከሪያነታቸው የታወቁ ናቸው። በዓላት የሚወጡበት ባሕረ ሐሳብም በፀሐይና በጨረቃ ዑደት ላይ የቆመ ስሌት ነው። እኛም ጥያቄውን በዚሁ በጥንቃቄ የመቁጠር ልማድ እንመርምረው።

የሚታየው ምንድን ነው?

መንገደኛን «ሲከተል» የሚታየው ደማቅ ብርሃን ብዙውን ጊዜ የአጥቢያ ኮከብ፣ ማለትም ቬነስ ናት። እጅግ ሩቅ ስለሆነች ሰው ኪሎ ሜትሮችን ቢጓዝም የምትታይበት አቅጣጫ አይለወጥም፤ ዓይን ግን አብራው የምትሄድ ያስመስላታል።

እንደ ነጋዴ ሲራራ ተከታትለው የሚያልፉት መብራቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በብዛት የሚመጥቁት የስታርሊንክ ሳተላይቶች ናቸው። ምድር ሲጨልም እነርሱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ገና የፀሐይ ብርሃን ያገኛቸዋል። ስለዚህም በተለይ ከምሽቱ መጀመሪያና ከንጋት በፊት ይታያሉ፤ ወደ ምድር ጥላ ሲገቡም ድንገት ይጠፋሉ።

ተወርዋሪ ኮከብ የምንለውም ከጠፈር መጥቶ በአየር ውስጥ የሚነድ ድንጋይ ወይም ብናኝ ነው። ያየው ሁሉ «ከዚያ ተራራ ጀርባ ወደቀ» ይላል። ነገር ግን በ80 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚነድ አካል ከአድማስ 15 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ከታየ፣ ከተመልካቹ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከነፋስ መውጫ በምሥራቅ የታየው እሳት በአፋር ሰማይ ላይ የነደደ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ያልታወቀ ማለት ምን ማለት ነው?

የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1969 ባካሄደው «ብሉ ቡክ» በተሰኘ ምርመራ 12,618 ጥቆማዎችን መዝግቦ 701 የሚሆኑት ምንነታቸው ሳይለይ ቀርቷል። የናሳ አጥኚ ቡድንም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ መሰል ክስተቶች ከሌላ ዓለም መምጣታቸውን የሚያሳይ ማስረጃ እንዳላገኘ ገልጿል። «አልታወቀም» ማለት መረጃው አልበቃም ማለት ነው እንጂ «ከሌላ ዓለም መጣ» ማለት አይደለም።

ስለ ምን ይሰወራሉ?

የፊዚክስ ሊቁ ኤንሪኮ ፌርሚ እ.ኤ.አ. በ1950 «ታዲያ ሁሉም የት አሉ?» ሲል የጠየቀው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ጆን ቦል በ1973 ያቀረበው መላምት፣ የሰሜን ተራሮች ጠባቂ ዋልያን ሳያስበረግግ ከሩቅ እንደሚመለከት ሁሉ እነርሱም ሆን ብለው ሳይነኩን ይመለከቱናል የሚል ነው። ሐሳቡ ማራኪ ቢሆንም፣ ሁሉም ሥልጣኔዎች፣ በእያንዳንዳቸውም ውስጥ ያለ ሁሉ፣ ለዘመናት አንድን ሕግ ሳይጥሱ እንዲኖሩ ይጠይቃል። ከዚህም በላይ አለመታየታቸውን ለመኖራቸው ማስረጃ ካደረግነው፣ ሐሳቡ ስህተት ሊሆን የሚችልበት መንገድ አይኖርም፤ ሊፈተን የማይችል ሐሳብ ደግሞ ሳይንስ አይሆንም።

ቀለል ያለው መልስ ርቀት ነው። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ኮከብ ፕሮክሲማ 4.24 የብርሃን ዓመት ይርቃል። በ1977 የመጠቀው ቮያጀር 1 በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህን ርቀት ለመሸፈን ግን ወደ 75,000 ዓመት ገደማ ያስፈልገዋል። የሬዲዮ ድምፃችንም ከ130 የብርሃን ዓመት እምብዛም አልዘለለም፤ የጋላክሲያችን ስፋት ግን 100,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። በጋላክሲው ሌላ ዳርቻ የሚኖር ካለ፣ ከእኛ መሰወር ይቅርና መኖራችንንም ከሬዲዮ ሞገዳችን ገና አላወቀም።

ምን እናድርግ?

ይህ ሁሉ ሕይወት በሌላ ዓለም የለም ማለት አይደለም። ከፀሐይ ሥርዓታችን ውጭ የተረጋገጡት ፕላኔቶች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2025 6,000 ደርሷል፤ ፍለጋው ቀጥሏል። የገጠሩ ተመልካችም ከዚህ ጥረት ውጭ መሆን የለበትም። እንግዳ ብርሃን ያየ ሰው ሰዓቱን፣ አቅጣጫውን፣ ከአድማስ ያለውን ከፍታና የቆየበትን ጊዜ ወዲያው ይመዝግብ። ያንኑ ብርሃን ከመካነ ኢየሱስ ያየው ወደ ምሥራቅ፣ ከነፋስ መውጫ ያየው ወደ ምዕራብ ካመለከቱ፣ ብርሃኑ በመካከላቸው በጉና አቅጣጫ ነበር፤ ከፍታውም በቀላል የማዕዘን ስሌት ይገኛል። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ካመለከቱ ደግሞ በመካከላቸው አልነበረም ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን የአንድ ሌሊት ወሬ ሊመረመር የሚችል መረጃ ይሆናል፤ ያየውን የተናገረ ገበሬም እንደ ሐሰተኛ ሳይሆን እንደ ምስክር ይቆጠራል።