ማን ይግባ? ማን ይውጣ?
በስኮትላንድ ደጋ ስለሚገኝ አንድ የአራዊት መናፈሻ

የአራዊት መናፈሻ ሲባል በብዙ ሰው አሳብ የሚመጣው ከየአገሩ የተለቀመ የእንስሳት ጉባኤ ነው። አንበሳው ከዝሆኑ፣ ዝሆኑ ከጦጣው አጠገብ ተደርድሮ ተመልካች ሳንቲሙን ከፍሎ እያየ የሚያልፍበት ስፍራ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ስፍራ የሚመካው በቁጥር ነው። ነገር ግን የአራዊት ስብስብ እንደ ቴምብር ስብስብ አይደለም። ቴምብር የተለጠፈበት ደብተር በቆላም ይቀመጥ በደጋ ግድ የለውም፤ አውሬ ግን ይሞቀዋል፣ ይበርደዋል፣ ይሰለቸዋል፣ ያረጃል። ስለዚህ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለው ጥያቄ ለተመልካች ደስታ ብቻ ተብሎ የሚወሰን ሳይሆን ኀላፊነት ያለበት ጥያቄ ነው።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር መልካም ምሳሌ ሆኖ ያገኘነው በስኮትላንድ፣ በኬርንጎርምስ ተራሮች አካባቢ፣ ኪንጉሲ ከምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ ያለው የሃይላንድ የዱር አራዊት መናፈሻ ነው። ይህ መናፈሻ የተከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. ነው (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከ1986 ጀምሮ የሚያስተዳድረው የኤዲንብራን መካነ አራዊት የመሠረተው የስኮትላንድ ንጉሣዊ የሥነ እንስሳት ማኅበር ነው። የመናፈሻው ስፋት ከ100 ሄክታር ይበልጣል፤ ከዚሁም ከፊሉ ጎብኚው በመኪናው ሆኖ እየተዘዋወረ የሚያየው ሰፊ መስክ ነው።

የስፍራው ብርድ የዋዛ አይደለም። ከኬርንጎርምስ ተራሮች ከፍተኛው ቤን ማክዱይ 1,309 ሜትር ሲሆን ከአዲስ አበባ እንኳ እጅግ ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ አገሩ ወደ ሰሜን ዋልታ የቀረበ በመሆኑ ክረምቱ ጽኑ ነው። በዚሁ አውራጃ በምትገኘው በብሬማር ከተማ በ1895 እና በ1982 ብርዱ ከዜሮ በታች 27.2 ዲግሪ ደርሶ ነበር፤ በመላው ብሪታንያ ከዚህ የባሰ ብርድ ተመዝግቦ አያውቅም። ታዲያ በእንዲህ ያለ አገር ቀጭኔና ጉማሬ ለማኖር መሞከር በክረምት ለማገዶ ገንዘብ ማባከን፣ እንስሳውንም በቤት ውስጥ ማሰር ይሆናል።

የመጀመሪያው ደንብ

መናፈሻው ሲከፈት የተከተለው ደንብ ግልጥ ነበር። በስኮትላንድ የሚኖሩትን፣ ደግሞም በጥንት ዘመን ኖረውባት የጠፉትን አራዊት ብቻ ማሳየት ነበር። ተኩላ፣ ሊንክስ የሚባለው ትልቅ የዱር ድመት፣ ቀይ አጋዘንና የመሳሰሉት በዚሁ ደንብ ገቡ። ስኮትላንዳውያን አባቶቻቸው ያጠፉትን አውሬ በአጥር ውስጥ እንዲያዩት ማድረግ የታሪክ ትምህርት ነበርና አሳቡ የሚናቅ አልነበረም።

በዚሁ መስክ ከተሰማሩት መካከል ባይሰን የሚባለው የአውሮፓ ጎሽና ፕርዠቫልስኪ የሚባለው የሞንጎልያ የዱር ፈረስ ይገኙበታል። የእነዚህ የሁለቱ ታሪክ የአራዊት መናፈሻ ምን ሊጠቅም እንደሚችል ያስረዳል። የአውሮፓ ጎሽ በ1927 የመጨረሻው በካውካሰስ ተራሮች ሲገደል ከዱር ፈጽሞ ጠፋ፤ የቀሩት በአጥር ውስጥ የነበሩ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ብቻ ነበሩ። የዱር ፈረሱም እንደዚሁ በ1960ዎቹ ዓመታት ከሞንጎልያ በረሓ ታጣ። ዛሬ ሁለቱም ወደ ዱር ተመልሰው የሚታዩት በየመናፈሻው የቀሩት ጥቂቶች አባትና እናታቸው በመዝገብ እየተጻፈ፣ ዘመድ ከዘመድ እንዳይገናኝ እየተጠበቀ ስለተራቡ ነው። መዝገብ መያዝ አሰልቺ ሥራ ለሚመስለው ወጣት ጸሐፊ ይህ መልካም ማስታወሻ ነው፤ የአንድ ፍጥረት ዘር በመዝገብ ቤት ትጋት ተርፏልና።

ደንቡ ሲለወጥ

በ2000ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ የማኅበሩ ሰዎች ደንቡን አሰፉት። ጥያቄው «ይህ አውሬ በስኮትላንድ ኖሮ ያውቃል ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «ይህ አውሬ በስኮትላንድ ብርድ ተደስቶ ሊኖር ይችላል ወይ?» የሚል ሆነ። በዚህም ምክንያት የሩቅ ምሥራቁ የአሙር ታይገር፣ የጃፓን የበረዶ ጦጣ፣ የሂማላያ ቀይ ፓንዳ፣ ኋላም የበረዶ ነብር ወደ መናፈሻው ገቡ። በእኛ አገር የሰሜን ተራራን ጭላዳ ጠጉር ያየ ሰው ነገሩን ለማስተዋል አይቸገርም። የብርድ አገር አውሬ ካባውን በጀርባው ይዞ ይወለዳልና የሚፈልገው እሳት ሳይሆን ስፋትና ነፋስ ነው።

ከአዲሶቹ እንግዶች ሁሉ ዝነኛ የሆነችው መርሴዲስ የተባለች የዋልታ ድብ ነበረች። ይህች ድብ በካናዳ ቸርችል በምትባለው ከተማ ምግብ ፍለጋ እየገባች ሰዎችን ስላሰጋች በጥይት እንድትገደል ተወስኖባት ሳለ በ1984 ወደ ኤዲንብራ መካነ አራዊት ተወሰደች። ነፍሷ ተረፈ፤ ነገር ግን በከተማ ውስጥ በጠባብ ስፍራ መኖሯ በአያሌ ሰዎች ዘንድ ነቀፌታ አስነሣ። በጥቅምት ወር 2009፣ በብሪታንያ የቀረች ብቸኛ የዋልታ ድብ በነበረችበት ጊዜ፣ ሣርና ኩሬ ወዳለበት ወደ ደጋው መናፈሻ ተዛወረች። በዚያም አንድ ዓመት ተኩል ያህል ኖራ እርጅናና የመገጣጠሚያ ሕመም ስለጸናባት በ1911 ሳይሆን በእኛው ዘመን፣ በ2011፣ በሐኪሞች ውሳኔ እንድታርፍ ተደረገ። ዕድሜዋም 30 ዓመት ደርሶ ነበር።

እርሷ ካለፈች በኋላም ስፍራው ባዶ አልቀረም። ዎከር የተባለው ወጣት ወንድ ከሆላንድ በ2010 ገብቶ ነበር፤ አርክቶስ የተባለው ከጀርመን በ2012፣ ቪክቶሪያ የተባለችው እንስት ደግሞ ከዴንማርክ በ2015 ተጨመሩ። በታኅሣሥ 2017 ቪክቶሪያ በዋሻዋ ውስጥ ወለደች። ጠባቂዎቹ እናቲቱ እንዳትደነግጥ ወደ ዋሻው ሳይቀርቡ ግልገሉ መወለዱን ያወቁት ድምፁን በመስማት ነበር። ሄሚሽ የተባለው ይህ ግልገል በብሪታንያ በ25 ዓመት ውስጥ የተወለደ የመጀመሪያው የዋልታ ድብ ሆነ። ባደገም ጊዜ በ2020 ወደ ዮርክሻየር ተላከ፤ በዱርም ቢሆን የጎረመሰ ድብ ከእናቱ ተለይቶ ይሄዳልና።

የሚነሣው ተቃውሞ

እዚህ ላይ «የዋልታው በረዶ እየቀለጠ ሳለ በአጥር ውስጥ ድብ ማርባት ምን ይፈይዳል? በአጥር ያደገ ድብስ ወደ በረዶው ተመልሶ አድኖ ሊበላ ይችላል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው እውነተኛ ስለሆነ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የመናፈሻ ወዳጆች ድቡ ሕዝብን ያስተምራል፣ ዘሩም በመጠባበቂያ ይቆያል ይላሉ። ይህ መልስ ከፊል እውነት አለው፤ ነገር ግን ለብቻው አይበቃም። እኛ እንደምናምነው መናፈሻው ስለ ድቦቹ የሚሰጠው ምክንያት ክብደት የሚያገኘው በዚያው ግቢ፣ ከጎብኚ ዐይን ርቆ በሚሠራው ሌላ ሥራ ነው።

ከሚገባው ይልቅ የሚወጣው

ይህም ሥራ የስኮትላንድን የዱር ድመት ማዳን ነው። የዱር ድመቲቱ በመልክ የቤት ድመት ትምሰል እንጂ ሰውነቷ የደነደነ፣ ጅራቷ ወፍራምና ባለ ጥቁር ቀለበት ነው። ደን በመመንጠሩና ሰው በማደኑ ቁጥሯ ተመናመነ፤ የተረፉትም ከቤት ድመት ጋር እየተዳቀሉ ዘራቸው ተደባለቀ። በ2019 ዐዋቂዎች መርምረው በስኮትላንድ ዱር የቀሩት ያለ ሰው ርዳታ ራሳቸውን ችለው ሊቀጥሉ እንደማይችሉ አስታወቁ።

ስለዚህ በመናፈሻው ግቢ ውስጥ ሕዝብ የማይገባበት የእርባታ ስፍራ ተሠራ። በዚያ የሚያድጉት ድመቶች ሰው እንዳይለምዱ የሚጠበቁት በርቀት በካሜራ ነው። ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳም የሚለው ተረታችን በሌላ ስፍራ ለነቀፌታ ሲነገር፣ በዚህ ግን የጠባቂዎቹ ሁሉ ተስፋ ነው። በአጥር ውስጥ የተወለደችው ድመት ማደንና መሸሸግን ካልረሳች ብቻ በሕይወት ትኖራለችና። በ2023 በጋ 19 ድመቶች የሚገኙበትን ስፍራ የሚናገር መሣሪያ በአንገታቸው ታስሮላቸው በኬርንጎርምስ ተለቀቁ። በሚቀጥለውም ዓመት ከተለቀቁት መካከል እንስቶቹ በዱር ወልደው ግልገሎቻቸው ታዩ።

አውሬን መልቀቅ በር ከፍቶ ማስወጣት ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ሌላ ነገርም በዚያው አውራጃ ደርሷል። በጥር 2025 ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ያለ ፈቃድ አራት ሊንክሶችን በኪንጉሲ አካባቢ ለቀቀ። የማኅበሩ ሰዎች በብርዱ መካከል አራቱንም ያዟቸው፤ አንዱ ግን ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ሊንክስ ወደ ስኮትላንድ ይመለስ የሚሉ ሰዎች አሳባቸው መልካም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጥናት፣ ፈቃድና የአካባቢው ገበሬ ስምምነት የሌለበት መልካም አሳብ ዋጋውን የሚያስከፍለው አውሬውን ነው።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ለአራዊት ጠባቂዎች ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ደንብ የሚያወጡትና የሚለውጡት የዛሬዎቹ ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት ናቸው። የሃይላንድ መናፈሻ ደንቡን የለወጠው የቀድሞው ስሕተት ስለነበረ ሳይሆን ስፍራው ለማን እንደሚስማማ ደግሞ ስለ ጠየቀ ነው። አዲሱም ደንብ መልካም መሆኑ የሚታወቀው በመግቢያው በር ስንት እንግዳ አውሬ እንደ ገባ በመቁጠር አይደለም። በጓሮው በር ወደ ዱር ወጥተው፣ በዚያም ክረምቱን ተሻግረው የወለዱትን በመቁጠር ነው።