ጥገኛ ተርብና የማንጎ ዝንብ

ከሸዋ ሮቢት የተጫነ ማንጎ አዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ አካባቢ ካለ ጭማቂ ቤት ደርሶ ሲላጥ ትል ከወጣበት፣ ነጋዴው በሚቀጥለው ጭነት ዋጋ ይሰብርብዎታል። ትሉ መንገድ ላይ የገባ አይደለም፤ ማንጎው ገና ዛፉ ላይ ሳለ የፍራፍሬ ዝንብ ከልጣጩ ሥር ከጣለችው እንቁላል የተፈለፈለ ነው።

ወራሪዋ ዝንብ ከእስያ የመጣች ስትሆን በአፍሪካ መጀመሪያ የታየችው በ2003 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ ነው። የአፍሪካ ነባር ጥገኛ ተርቦች ብዙም አልበገሯትም፤ እንቁላላቸውን በትሏ ውስጥ ቢጥሉም የትሉ ሰውነት ሸፍኖ ይገድለዋል። ፎፒየስ አሪሳነስ የምትባለው ትንሽ ተርብ ግን ቀድማ የዝንቧን እንቁላል ትወጋለች። በሃዋይ ዝንቧን በእጅጉ ቀንሳለች፤ ናይሮቢ የሚገኘው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔም ከዚያ ወደ አፍሪካ አምጥቷታል።

የተወጋው እንቁላል እንደ ሌላው ተፈልፍሎ ማንጎውን ይበላል። አፈር ገብቶ ቅርፊት ከለበሰ በኋላ ግን ከውስጡ የሚወጣው ዝንብ ሳይሆን ተርብ ነው። ስለዚህ ተርቧ የዛሬውን ፍሬ አታድንልዎትም፤ የምትቀንሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ዝንብ ነው።

የወደቀ ፍሬ መልቀም ግድ ነው። በጥልቅ ቢቀብሩት ዝንቡ ያልቃል፣ ተርቧም አብራ ታልቃለች። የሚሻለው ወለሉ በተነጠፈና በደንብ በተዘጋ የመረብ ድንኳን ውስጥ ማጠራቀም ነው። የመረቡ ቀዳዳ ተርቧን የሚያሳልፍ፣ ዝንቧን የሚያስቀር መሆን ስላለበት ከመግዛትዎ በፊት ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ያሳዩ።

ዛፉን በሙሉ ፀረ ተባይ መርጨት ተርቧን ይፈጃል፤ ፍሬው ውስጥ የተደበቀውን ትል ግን አያገኘውም። መርጨት ካስፈለገ የዝንብ ማባበያ የተቀላቀለበትን በዛፉ ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ይርጩ።