ያውቁ ኖሯል? ከጋፋት እስከ ሊባኖስ የዘለቀው የሰባኪው ቤተሰብ

በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ከሠሩት ሚሲዮናውያን አንዱ የስዊዘርላንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ናቸው። ባለቤታቸው የወይዘሮ ወርቅነሽ አስፋ ይልማና የንጉሡ ባለሟል የነበሩት እንግሊዛዊው ሊቀ መኳስ ዮሐንስ (ጆን ቤል) ልጅ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1867 ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋይንት በኩል መንገድ እያስጠረጉ፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ የጋፋት ባለሙያዎችም አብረው ተጓዙ። ያን ገደልና ዳገት የሚያውቅ አገሬው ድካሙን ይረዳዋል።

መቅደላ በ1868 ከወደቀች በኋላ ባልና ሚስቱ ወደ ሊባኖስ ተሻገሩ። ዋልድማየር የኩዌከር እምነት ተከታይ ሆነው በ1873 ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት መሠረቱ፤ ዛሬም ያስተምራል። ኋላም ቤይሩት አጠገብ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋሙ። ስለ መድፉ ይህን ያህል ሲጻፍ፣ የወርቅነሽ ልጅ ስም እምብዛም አለመነሣቱ ያስቆጫል።