ቁልፉ በሁለት ሴቶች እጅ

ጤና ኬላ በር ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ ያየ የከተማ ሰው ፍርዱ አይዘገይም፤ «ይኸው፣ ዘግተው ሄደዋል!» ይላል። እኔም ብያለሁ። አንድ ደጋ ቀበሌ ውስጥ፣ ረፋድ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ልጅ አዝላ የተቀመጠች ሴት አገኘሁና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የት እንደሄደች ጠየቅኳት። በአገጯ ወደ ቁልቁለቱ ጠቆመችኝ። «ታች ጎጥ፣ ክትባት ላይ ናት። ትመጣለች።»

የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ባለሙያዋ ከሥራ ጊዜዋ ሦስት አራተኛውን ቤት ለቤት እየዞረች እንድታሳልፍ ታስቦ ነው። በዚያ ስሌት ከአራት ቀን ሦስቱን በሩ ቢቆለፍ የሚያስወቅስ ነገር የለም፤ ሠራተኛዋ ያለችው ሰው ቤት ነው።

ቤቱ ራሱ ብዙ የሚታይ ነገር የለውም። የቆርቆሮ ክዳን፣ ሁለት ሦስት ክፍል፣ አንድ የምርመራ አልጋ፣ የሕፃናት ሚዛን፣ የመድኃኒት መደርደሪያ። ዓይን የሚይዘው የቤተሰብ ማኅደሩ ነው። እያንዳንዱ አባወራ የራሱ ማኅደር አለው፤ መጸዳጃ ቤት መቆፈሩ፣ ልጁ መከተቡ፣ ሚስቱ ማርገዟ እዚያ ውስጥ ተጽፏል። አንድ ጤና ኬላ እስከ 5,000 ሰው ያገለግላል። አምስት ጤና ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይሆናሉ፤ ጤና ጣቢያው 25,000 ያህል ሰው ይይዛል፤ ከእሱ በላይ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አለ። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ነው። መሬቱ ላይ ግን በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ መካከል ገደል፣ ወንዝና ክረምት አለ።

ጤናን ወደ ገጠር የመላክ ሐሳብ ከዚህ ፕሮግራም ይቀድማል። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ አሠልጥኖ ገጠር ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። የ1995ቱ አዲስ ነገር ሰው ከመላክ ይልቅ እዚያው ካለው ሰው መምረጡ ነበር። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች፣ የቀበሌው ተወላጅ የሆነች ሴት ለአንድ ዓመት ትሠለጥንና በደመወዝ ትቀጠር ነበር። ለአንድ ቀበሌ ሁለት። ሴት መሆናቸው የተመረጠው በምክንያት ነው፤ ስለ ወር አበባ፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ ወሊድ መከላከያ የሚወራው ጓዳ ውስጥ፣ ምጣድ ዳር ነው። ወንድ ነርስ እዚያ ቢገባ ወሬው ወዲያው ስለ ዝናብ ይሆናል።

መጀመሪያ ላይ የሥራ ዝርዝራቸው 16 ርዕሶች ነበሩት፤ አብዛኞቹ መከላከል ላይ ያተኮሩ። መጸዳጃ ቤት፣ ንጹሕ ውኃ፣ ክትባት፣ አጎበር። የእነሱን ሥልጠና ለ96 ሰዓት የተከታተለና የተማረውን ቤቱ ውስጥ የተገበረ ቤተሰብ «ሞዴል» ተብሎ ይመረቅ ነበር። ፕሮግራሙ ሳይጀመር፣ በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ ወደ 59 ወርዷል። ምስጋናውን ሁሉ ለጤና ኬላ መስጠት አይቻልም፤ ያለ እነዚህ ሴቶች እግር ግን እዚህ ተደርሷል ብዬ አላምንም።

ነገሩ የተወሳሰበው ኋላ ነው። መከላከሉ እየሠራ ሕፃናት በሳንባ ምች መሞታቸው አልቆመም፤ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው። ስለዚህ ጤና ኬላዎች የሳንባ ምችንም፣ ከተቅማጥ፣ ከወባና ከከባድ የምግብ እጥረት ጋር፣ እዚያው እንዲያክሙ ተወሰነ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ግን የታመመ ልጅ ያዘለች እናት ቀጠሮ አታውቅም፤ ስትመጣ በሩን ክፍት ማግኘት አለባት። ሁለቱ ሴቶች ጎጥ እንዲዞሩም፣ በር ላይ እንዲጠብቁም ተጠየቁ። አንዷ ወሊድ ፈቃድ ወይም ወረዳ ስብሰባ ላይ ስትሆን ደግሞ የቀረችው አንድ ናት። ማቀዝቀዣ የሌለው ጤና ኬላ ከሆነ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት ያለበትን ክትባት ለማምጣት ንጋት ላይ ጤና ጣቢያ ድረስ በእግር መሄድ አለ። በዚያ ላይ የሪፖርቱ ብዛት። ዝውውር ማግኘት ከባድ በመሆኑ ሌላ ወረዳ ያገባች ባለሙያ ከትዳሯና ከሥራዋ አንዱን የምትመርጥበት ጊዜ አለ።

ወሊድ ሌላ ጣጣ ነው። ምጥ የሚመጣው እንደ ልማዱ ሌሊት ነው፤ ባልና አማት እስኪስማሙ ይነጋል፤ ከዚያ ጎረቤት ተጠርቶ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ፣ ከመንገዱ በአምቡላንስ ወይም በባጃጅ። እናቲቱ ጤና ጣቢያ ስትደርስ የሚቀበላት አዋላጅ ወይም ነርስ ነው። ብዙ እናቶች ጤና ጣቢያ የማይወልዱት መንገዱን ብቻ ፈርተው አልነበረም። ክፍሉ ይበርዳል፣ አልጋው ያሳፍራል፣ እናቷ አጠገቧ አትገባም፣ ገንፎና ቡና የለም። ገንፎውን ነርሶቹ ራሳቸው ማስገንፋት ሲጀምሩ፣ ቡና ሲፈላ፣ ነገሩ ተለወጠ። ወላዷ ቀኗ ሲቃረብ ቀድማ መጥታ የምትሰነብትበት የእናቶች ማቆያም አለ፤ ጉራጌ ውስጥ ያለው አጣጥ ሆስፒታል እንዲህ ያለ ማቆያ የከፈተው ገና እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በ1992ቱ ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 5 ነበሩ፤ በ2011ዱ 48።

መንግሥት አሁን በያዘው ፍኖተ ካርታ ከጤና ጣቢያ የራቁ ጤና ኬላዎች ነርስና አዋላጅ ጭምር ይመደብላቸዋል፤ አንዱ ይዞራል፣ አንዱ በር ላይ ይቆያል ማለት ነው። እስከዚያው ቁልፉ በሁለቱ እጅ ነው።

ወደ ባሕር ዛፉ ልመለስ። ኤክስቴንሽኗ የክትባት ሣጥኗን በትከሻዋ አንግታ ዳገቱን ስትወጣ ወደ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ላቧን እንኳ ሳትጠርግ ጓጉንቸሩን ከፈተች። ልጁ የሰባት ወር ነው፣ ያስላል። «እስቲ አጥቢው፣ ዝም ይበል» አለች፤ ጠብቶ ሲረጋጋ ከጡት አስለቀቀችው። ሸሚዙን ወደ ላይ ሰብስባ፣ ሰዓት መቁጠሪያዋን ተጭና፣ ዓይኗን ሆዱ ላይ ተከለች። አንድ ሙሉ ደቂቃ። ከፊሉ ተቆጥሮ በሁለት አይባዛም። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ የእናትየው ከንፈር አብሮ ይቆጥራል።

ሃምሳ አራት። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ የሳንባ ምች ምልክት ነው። ደረቱ ወደ ውስጥ አለመሰርጎዱን፣ መጥባት አለመተዉን አየች፤ ቢሆን ኖሮ ወደ ጤና ጣቢያ ነበር። አሞክሳሲሊኑን በማንኪያ ውኃ አሟሟችና የመጀመሪያውን እዚያው እናትየው ራሷ እንድትሰጠው አደረገች። ሌላውን ቆጥራ ሰጠቻት።

«ከነገ ወዲያ ይዘሽው ነይ።»

«በሩ ክፍት ነው?»

ማኅደሩ ላይ እየጻፈች ነበር፤ ቀና አለች። «ከነገ ወዲያ ላይ ጎጥ ነኝ» አለች። ትንሽ አሰበች። «ግዴለም፣ አትምጪ። ስመለስ እኔው ቤትሽ ብቅ እላለሁ።»