ኮምጣጤ ጥጥ ላይ ቀለም አያስይዝም

ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስቀል ድረስ አዲስ አበባ ውስጥ ክር በእጁ እየነከረ የሚያድር ሰው ዕረፍት የለውም። ለእንቁጣጣሽ ቀሚስ የሚያሠራው ጥለት ይመርጣል፤ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ለጥለቱ የሚሆን ክር ቶሎ አምጡ ይላል፤ ሰማዩም በዚያው ሰሞን ይዘንባል። ሥራ ሲጣደፍ ደግሞ ስለ ቀለም ሲወራ የኖረው ስሕተት ሁሉ አብሮ ድስት ውስጥ ይገባል።

ከሁሉ የከፋው «እንዳይለቅ ኮምጣጤና ጨው ጨምሩበት» የሚለው ነው። ምክሩ ከባዶ ሜዳ አልመጣም። የበግ ጠጉርና ሐር የሚያቀልሙ ሰዎች በእርግጥ ኮምጣጤ ይጠቀማሉ፤ ከእንስሳ የሚገኝ ጭረት ፕሮቲን ስለሆነ ለእርሱ የተሠራውን ቀለም በአሲድ ውስጥ ይቀበላል። ጥጥ ግን ሴሉሎስ ነው፤ ጠባዩ ሌላ ነው። ጥጥን አጥብቆ የሚይዘው ሪአክቲቭ የሚባለው ቀለም ሶዳ አሽ የተጨመረበት ውኃ ይፈልጋል። ሶዳው ሲገባ ቀለሙ ከጥጡ ጋር ኬሚካላዊ ትስስር ፈጥሮ የክሩ አካል ይሆናል። በዚህ ሰዓት ኮምጣጤ የሚጨምር ሰው ሶዳውን ያከሽፈዋል፤ ቀለሙ እንዲይዝ የገባውን ነገር በገዛ እጁ ያጠፋዋል። ጨው ጥቅም አለው፤ ጥቅሙ ግን ቀለሙን ከውኃው ወደ ክሩ መግፋት እንጂ ማሰር አይደለም። ይህ የቀለም ዓይነት አዲስ ምስጢርም አይደለም፤ አይ ሲ አይ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ለገበያ ያወጣው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው።

ታዲያ በትክክል የተነከረ ክር አንዳንዴ ለምን ይለቃል? ከቀለሙ የተወሰነው ከጥጡ ጋር ሳይሆን ከራሱ ከውኃው ጋር ተዋሕዶ ይመክናል። የመከነ ቀለም ከዚያ በኋላ ምንም ቢደረግለት አይታሰርም፤ በጭረቶቹ መካከል ተወሽቆ የመጀመሪያዋን አጠባ ይጠብቃል። በነጭ ነጠላ ላይ ቀይ ጥለት ያሠራች ሴት ነጠላዋ ሮዝ ሆኖ ስታገኘው ጥፋቱ የማስያዣ እጥረት ሳይሆን የእጥበት ጉድለት ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ቀጥሎ ሊፈላ በቀረበ ውኃና በጥቂት ሳሙና፣ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግሞ ማጠብ። ከዚያም እርጥቡን ክር በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ማሳደር፤ ጠዋት ጨርቁ ነጭ ከሆነ ክሩ ለሸማኔ ይሰጣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በጥድፊያ ጊዜ ቀድሞ የሚቆረጠው ይኸው እጥበት ነው። በእኔ እምነት የማጠቢያ ውኃ ያላጠራቀመ ሰው የበዓል ትእዛዝ መቀበል የለበትም።

«ካልተንተከተከ አይዝም» የሚሉም አሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃዋ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እሱም ቢሆን ለዚህ ሥራ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ከሪአክቲቭ ቀለሞች ገሚሱ በ60 እና በ80 ዲግሪ መካከል፣ ገሚሱ ደግሞ ለብ ባለ ውኃ ይሠራል። ለብታ የሚበቃውን ቀለም ማፍላት ከውኃው ጋር ቶሎ እንዲዋሐድና እንዲመክን ያደርገዋል። የክረምቱ ችግር እንዲያውም ተቃራኒው ነው፦ የነሐሴ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ስለሚወርድ ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያደረ ክር ጠዋት ፈዝዞ ይገኛል። በሞቀ ውኃ ጀምሮ ሳፋውን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ማሳደር ይህን ያድናል።

ስለ ቀለሙ መጠን ነገሩ አጭር ነው። የባለሙያ እጅ ሚዛን ነው ይባላል፤ አይደለም። ስሌቱ የሚጀምረው ከደረቁ ክር ክብደት ነው፦ 2 በመቶ የተባለ ቀለም ለአንድ ኪሎ ክር 20 ግራም ማለት ነው። ጥቁር ከ6 እስከ 8 በመቶ ይጠይቃል። ክሩ ከጠገበ በኋላ የሚጨመረው ቀለም ድምቀት አይሰጥም፤ በማጠቢያው ውኃ ይሄዳል፣ ገንዘቡም አብሮ ይሄዳል።

ደንበኞችን ከሁሉ የሚያስከፋው «ያንኑ ቀለም ድጋሚ አምጡልኝ» የሚለው ጥያቄ ነው። ለሠርግ የሚለብሱ እኅትማማቾች ሁለቱ አስቀድመው፣ ሦስተኛዋ ከሳምንታት በኋላ ታዛለች፤ ልዩነቱም ጎን ለጎን ሲቆሙ ይታያል። ውኃው፣ ሙቀቱ፣ የክሩ ዓይነት እያንዳንዳቸው ቀለሙን ይለውጣሉ። በእንዝርት የተፈተለና የፋብሪካ ክር በአንድ ድስት ገብተው እንኳ እኩል ላይቀበሉ ይችላሉ። ጥሬ ጥጥ ደግሞ የራሱ ሰም ስላለው በሶዳና በሳሙና ካልተቀቀለ ውኃ ጠብ ቢልበት ያንሸራትታል፤ ቀለሙም ቦታ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ለአንድ ሠርግ የሚሆን ክር ሁሉ፣ መጠባበቂያውም ጭምር፣ በአንድ ጊዜ መነከር አለበት። ናሙናም እርጥቡን ታይቶ አይጸድቅም፤ እርጥብ ክር ጠቆር ይላልና። በአምፖል ሥር የተስማሙ ሁለት ቀለሞችም ደጅ ሲወጡ ሊለያዩ ይችላሉ።

የተፈጥሮ ቀለም ሁሉ ጤና፣ የፋብሪካው ሁሉ መርዝ ነው የሚለውንም አልቀበልም። እርድ ያለምንም ማስያዣ ጥጥን ደስ የሚል ቢጫ ያደርጋል፤ ፀሐይ ላይ ግን ቶሎ ይነጣል። ከተፈጥሮ ቀለም ጋር ማስያዣ ሆነው ሲሠራባቸው ከኖሩት መካከል ፖታሲየም ዳይክሮሜት ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ነው። በሌላ በኩል የሪአክቲቭ ዱቄት ሲተነፍሱት አስም የመሰለ አለርጂ ሊያስይዝ ስለሚችል ያለ ጭምብል መመዘን የለበትም። ቀለም የተበጠበጠበት ድስት ደግሞ፣ የትኛውም ቀለም ቢሆን፣ ዳግመኛ ለወጥ አይጣድም።

የመጨረሻው ስሕተት የሥራ ቤቱ ባለቤቶች ራሳቸው የሚሠሩት ነው፦ ወቅቱ ሲጦፍ ሰው ጨምሮ መድረስ ይቻላል ማለት። ሁለት ሰው ተጨመረ ብሎ ቀለም በግማሽ ሰዓት አይይዝም፤ በነሐሴ ጭጋግ የተሰጣ ክርም ቶሎ አይደርቅም። የሚያግዘው በልብስ ማጠቢያ ማሽን ውኃውን አሽከርክሮ ማውጣት፣ ነፋስ በሚገባበት ጣሪያ ሥር ማስጣት፣ ከሁሉም በላይ ክሩን በሰኔ መቀቀልና ማድረቅ ነው። ተቀቅሎ በደረቁ የተቀመጠ ቱባ ነሐሴ ላይ ቀለሙን ብቻ ይጠብቃል። ሳይደርቅ ተጠቅልሎ የተሸጠ ቱባ ግን ይሻግታል፤ የሻገተ ጥጥ ደግሞ ጭረቱ ይደክማል፣ ድር ላይ ይበጠሳል። ከእንቁጣጣሽ በኋላም ፋታው አጭር ነው፤ ጥምቀት ጥር 11 ይመጣል፣ ከዐቢይ ጾም በፊት የሚፈጸመው ሠርግም በዚያው ወር ይከማቻል።

ለእንቁጣጣሽ የምታሠሩ ሰዎች፦ ቀለማችሁን በሐምሌ መጀመሪያ ቁረጡ፣ ቀብዱን ያኔውኑ ክፈሉ፣ ደርቆ የመጣውን ናሙና ደጅ በቀን ብርሃን አይታችሁ እሺ በሉ። በጳጉሜን መጥታችሁ ነገ ይድረስልኝ አትበሉ፤ ነገ አደርሳለሁ የሚላችሁም ካገኛችሁ፣ ክሩን አጥቦት እንደሆነ ጠይቁት።